የቹሉን ፈረስ ለምን ከሩቅ ታሰረ?

ሰኔ 9
ዳማውን ፈረስ ዛሬም እንዲያልበው ብርድ ልብስ ደርቤለት አስሮጥኩት። ላቡን ጠረግኩለት። የናዳም በዓል የፈረስ ውድድር ደርሷል። ባለቤቴ ዳምዲን ከሞተ ወዲህ ከሱ የቀረኝ ይኸው ፈረሱ ነው... ላሞቹን አልቤ ተኛሁ።

ሰኔ 10
ከኮረብታው ማዶ ጎረቤቴ ቹሉን መጣ። ፈረሱን የት ቢያስር ጥሩ ነው? እንግዳ ሁሉ የሚያስርበት ገመድ ደጄ ተወጥሮ ሳለ፣ ወዲያ ድንጋዩ ጋ!

«ጠባዩ አይመችም፣ እትዬ ኖርጅማ። እዚያው ይቆይ» አለኝ።

ሕፃን እንኳ የሚጋልበው ገራም ፈረስ! ዳማውንም ከሩቅ አየት አድርጎት ዞረ። ምን አስቦ ነው? የሱም ፈረስ ይወዳደራል... የሚደብቀው ነገር አለ።

ሻይ ቀድቼለት ወተት ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ሄጄ ፈታሁትና ዳማው ጎን አሰርኩት። ደጄን ይናቅ እንዴ? የፈረሱ አፍንጫ እርጥብ ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ መሰለኝ። ቹሉን ሲወጣ አይቶ ክው አለ። ወዲያው ፈረሱን ፈትቶ ሄደ። ነቃሁበት!

ሰኔ 12
ዳማው ያስለዋል። አልበላም። ምን አደረገብኝ ይሄ ሰው?

ሰኔ 13
ትኩሳት፣ ንፍጥ... ውሃ ጉድጓዱ ጋ ለተሰበሰበው ሁሉ ነገርኩ። ቹሉን ፈረሴን መርዝ አስነክቶብኛል አልኩ። ሁሉም አመነኝ።

ሰኔ 16
የሸለቆው ፈረስ በሙሉ ይስላል። ሐኪሙ መጣ። መርዝ አይደለም፣ የፈረስ ጉንፋን ነው አለ። መጀመሪያ የያዘው የቹሉንን ነው። በሳልና በንፍጥ ይተላለፋል፤ ጎን ለጎን ማሰር ብቻ ይበቃዋል። እኔን እያየ አልነበረም። ግን ፊቴ ጋለ።

ውድድሩ ቀረ። ሰው «የታመመ ፈረስ እሷ ደጅ አስሮ» እያለ ቹሉንን ይረግማል። ውሃም ከለከሉት። እሱ ዝም። ለምን ዝም ይላል? ኋላ ሊያጋልጠኝ ነው?

ሰኔ 22
ዳማው ዛሬ ሣር ነካ። የቹሉን ፈረስ ትናንት ሞተ።

ጉድጓዱ ጋ ሄጄ ለሁሉም ተናገርኩ፤ እሱ ከሩቅ ነው ያሰረው፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ አልኩ።  ከዚያ ቹሉን ቤት ሄድኩ።

«መታመሙን ለምን አልነገርከኝም?»

«ለውድድር በተዘጋጀ ፈረስ ፊት የበሽታ ስም ይጠራል እንዴ? ሟርት ነው።»

«ሲረግሙህስ?»

«ዳማሽ ይሞታል ብዬ ፈራሁ። የዳምዲንን ፈረስ ራሷ ገደለችው እንዲሉሽ አልፈለግኩም።»

ደጁ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሱ የሞተውን ፈረሱን ባዶ ልጓም ይዞ ነበር።

«ዓይንሽን ያስነባው ነፋስ ነው፣ እትዬ። ግቢና ሻይ ጠጪ» አለኝ።

ገባሁ።