ስምህ ከተራራው እንዳይሰረዝ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ ለኤርካሎ፤

ባለህበት በደርባን የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ሱቁ እንዴት ይዟችኋል? ማኅሌትና ልጃችሁ ትንሿ ሃይማኖት ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። እናታችን በስልክ ካነጋገረችህ በኋላ ስልኩን እንደያዘች ደጅ ደጁን ታያለች፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ሥራዬን እሠራለሁ።

ከጉኑኖ በላይ ያለውን ተራራ ታስታውሰዋለህ፤ ከመሄድህ በፊት ከመንደሩ ሰው ጋር ጎርፍ የቦረቦረውን ቁልቁለት እርከን ሠርታችሁ ችግኝ የተከላችሁበትን። አሁን ጫካ ሆኗል። ከሥሩ ያለው ምንጭ በበጋም አይደርቅም። ዘንድሮ አንድ ድርጅት መጣና፣ ዛፎቹ ከአየር ስበው የያዙትን ካርቦን የፋብሪካ ጭሱን ለማካካስ ለሚከፍል የውጭ አገር ገዢ ልሽጥ፣ ገቢውን ከደን ማኅበራችሁ ጋር እንካፈል አለ። እኔም የዞኑ የሕግ ባለሙያ ስለሆንኩ ውሉን እንድመረምር ተላክሁ። ወንድሜ አንተ ከአባላቱ አንዱ መሆንህን አስቀድሜ ለሁሉም ተናገርኩ፤ ግድ የለም፣ ቀጥዪ አሉኝ።

ውሉ የካርቦኑ ባለመብት ማን እንደሆነ ሳይለይ አልፎታል። ባለመብቱ ማኅበሩ ነው ተብሎ ይጻፍ ብዬ ተከራከርኩና ተስማሙ። ችግሩ የመጣው አባል ማን ነው የሚለው ላይ ነው። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የድርጅቱ ጠበቃ ዘላለም፣ ገዢው የሚፈልገው እዚሁ ኖረው ደኑን የሚጠብቁ አባላትን ስለሆነ ርቀው የሄዱት ይሰረዙ አለ። በአዳራሹ ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ልጁ ያልሄደበት ቤት የት አለና!

ከኋላ በኩል እናታችን ተነሳች። በወላይትኛ፣ “ልጄ ራቀ እንጂ አልሞተም። ስሙን ከዚህ ካጠፋችሁት፣ ሲመለስ ቦታህ የት ነው ልትሉት ነው?” አለች። ለጠበቃው ወደ አማርኛ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ፤ ግማሹን ብዬ አቋረጥኩ። ሰውየው ደግ ነው፣ አላቻኮለኝም። ቀሪውን የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ይስሐቅ ጨረሱልኝ። ቀጥለውም፣ የሄደውን ሰው የጥበቃ ተራ ቤተሰቡ ከያዘለት አባልነቱ ይቆይ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዘላለም ገዢውን ጠይቆ ይሁን አለ። ሰው ሁሉ እጁን አወጣ፤ እኔም አንቀጹን በእጄ ጻፍኩት።

ያንተን ተራ እኔ ልያዝ ብላት እናታችን በጄ አላለችም። ጉልበቷን እያመማት ዱላዋን ይዛ ትወጣለች። ባለፈው ቅዳሜ አብሬያት ወጣሁ። አንዱን ወይራ ደገፍ ብላ፣ “ይሄ የእሱ ነው” አለችኝ። ትንሽ ወጣ ብለን ደግሞ ሌላውን፣ “ይሄም የእሱ ነው።” አንተ የተከልከው የትኛው እንደሆነ እርሷም አታውቅም። አዎ፣ የእሱ ነው አልኳት። ኤርካሎ፣ እዚያ ቆሜ የናፈቅኩህን ያህል ናፍቄህ አላውቅም።

ማኅሌትን በእኔ ስም እቅፍ አድርጋት። ሃይማኖትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ከአክስትሽ ነው በላት። አቶ ይስሐቅ ሰላም ብለውሃል። እናታችን ደግሞ፣ “ሰላም በዪልኝ፤ ና ብለሽ ግን እንዳትጽፊለት፣ ይጨነቃል” ብላኛለች።

ና።

እህትህ ብሩክታይት
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.