አባዬ የነቀለው በር

ለምትናፍቂኝ ለእታለም፤ ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እኔም ደህና ነኝ፣ ማንም ባያምነኝም።

እዚህ ቤት ግን የሆነ ነገር አለ። አባዬ «በሩ ወለሉን ይነካል፣ ልላገው» ብሎ የክፍሌን በር ነቅሎ ወሰደው። አናጢ አይደል፤ የሰው በር በአንድ ቀን ያደርሳል። የእኔ ግን ወሩን ሙሉ ወርክሾፑ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ስጠይቀው ዓይኔን ሳያይ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። እማዬም የራስ ምታት ክኒኗን ከመሳቢያ አውጥታ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች፤ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ።

ያን ሌሊት «መኖር ሰለቸኝ» ብዬ በስልክ የነገርኩሽን ሹክ ብለሻቸዋል ብዬ ጠርጥሬሻለሁ። ምስጢር አንቺ ጋ እንደማያድር አውቃለሁ።

ብቻ፣ በሩ ከሄደ ወዲህ የአባዬ ማንኮራፋት እኔ ጋ ይደርሳል፤ እሱን ስሰማ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስትደውዪ በሩን ቶሎ ግጠም እንዳትዪው።

በደህና ያገናኘን።
ታናሽሽ