ቻይና የተሻገረችው ዋርካ

ጥቅምት 5 ቀን 1930፣ ጁምዓ

ከተማችን ሮቢት ዛሬም በሙቀቷ አቃጠለችን። መስጊድ ሶፉ፣ የሰጋጁ ረድፍ፣ ሞልቷል፣ ከጎኔ ግን ያንድ ሰው ቦታ ባዶ። ኢማሙ "ክፍተቱን ድፈኑ" ቢሉም የሚጠጋኝ ጠፋ። ጋሼ አብዱልሀኪም እንኳ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ወደዚያ ሸሸት አሉ። ለጣሊያን መሥራቴን ማን ያላወቀ! ፎቶግራፍ ማደስ እኮ ነው... ሰው አልገደልኩ። ከማን ጋር ነው የምከራከረው?

ጥቅምት 8

ጣሊያኑ ሻምበል አሮጌ ፎቶግራፎች ሰጠኝ። በወጣትነቱ ቻይናን ሲዞር ያነሳቸው ናቸው። ክረምቱ አሻግቷቸዋል። ጉም የለበሰ ተራራ፣ ወንዝ፣ እስከ ሰማይ የወጣ እርከን... ወይ ጉድ፣ ማማሩ! አዲስ አበባ አርመኑ ፎቶ አንሺ ዘንድ ስማር እንኳ እንዲህ ያለ አላየሁም። የማን እንደሆኑ ረስቼ ስደሰት ዋልኩ። አያሳፍርም?

ጥቅምት 11

አንዱን አጥቤ በጥላ አደረቅሁ። የታችኛውን ጥግ ሻጋታው ጨርሶ በልቶታል። ምን ነበረበት? ቻይናን በየት ዐይኔ አይቼ! ብሩሹ የማውቀው ላይ ሄደ። ጠመዝማዛ የገደል መንገድ፣ ምንጭ፣ ከምንጩ በላይ ያዘነበለች ዋርካ።

ሙሚና አየችና ሳቀች። ሚስቴ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

"አንተ! የኛን ዋርካ ቻይና ወሰድካት?"

ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። "አጥፋት። አብዱረሂም ውሃ የሚቀዳው እዚያ ነው።"

ወንድሟ ነው። ዱር ቤቴ ካለ ዓመት አልፎታል።

"እሺ፣ አጠፋታለሁ" አልኩ። በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ማበስ ነበር። ሳሳሁላት... እንዲያ አምሮልኝ አያውቅም።

ጥቅምት 13

ሻምበሉ ፎቶግራፏን ሲያይ ቆየ። በሰባራ አማርኛው "ሳልህ፣ አንተ ጎበዝ! ይሄ ዛፍ ቻይና የለም። የት አለ?" አለኝ።

ልቤ አበጠ። ማን አመስግኖኝ ያውቃል? "ከወንዙ በላይ፣ ገደሉ ላይ" አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው! ፈገግ ብሎ ፎቶግራፏን ኪሱ ከተተ።

ለሙሚና አልነገርኳት።

ጥቅምት 15

ያረቢ፣ ዛፉን ወዶት ብቻ ይሁን።

ጥቅምት 17

ጎህ ሲቀድ ከወንዙ በላይ ተኩስ ተሰማ። አብዱረሂምን ምንጩ ላይ አድብተው ገደሉት። ቅሉን እንደያዘ...

ሙሚና መጀመሪያ አላለቀሰችም።

"ዋርካዋን አጥፍተህ ነው የሰጠኸው?"

"አዎ።"

አመነችኝ። ያኔ ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ጥቅምት 19፣ ጁምዓ

መስጊድ ልቀር ነበር። ጋሼ አብዱልሀኪም ቤቴ ድረስ መጥተው እጄን ያዙ። "የሸሂድ አማች ብቻውን አይቆምም" አሉ። የፊተኛው ሶፍ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ከግራም ከቀኝም ተጠጉኝ፣ ትከሻቸው ትከሻዬን ነካ። ምነው ጎኔ እንደ ድሮው ባዶ በሆነ!

ሰው ሰግዶ ሲወጣ እኔ ግንባሬን መሬት ደፍቼ ከሱጁዴ ቀና ማለት አቃተኝ። ጋሼ አብዱልሀኪም ኀዘን መስሏቸው "አይዞህ የኔ ልጅ" እያሉ ጀርባዬን አሻሹልኝ።