ከሰዓት ያንቺ ተራ ነው

ኤፕሪል 14፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ወርክሾፕ ዋልኩ። የውድድር መኪናዬን ወንበር እንደገና ለኩልኝ፤ ክረምቱን ትከሻዬ ሰፍቷል። የቡድን ጓደኛዬ ሎሪስ አይቶ "ኒቬስ፣ ለውድድር ነው ወይስ ለእርሻ የምትዘጋጂው?" አለኝ። ከስምንት ዓመታችን ጀምሮ በካርቲንግ፣ በልጆቹ ትንንሽ መኪና ውድድር፣ እየተጋጨን ያደግን ነን። ቢሰድበኝም አይከፋኝም።

በሬዲዮ የሚመሩን መሐንዲሶች ድልድል ተነገረ። በቡድናችን ወላጅ የልጁን መኪና አይመራም። ስለዚህ አባዬ ዘንድሮም የሎሪስ መሐንዲስ ነው። የእኔ ካርላ ናት። የለመድኩት ነገር ነው... ግን ወደ ትልቁ ውድድር የሚያሳድገው የሹፌሮች አካዳሚ ለከርሞ የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከእኔና ከሎሪስ በነጥብ የበለጠውን። ይህ ሲነገር አባዬን አየሁት። እሱ ወረቀቱን ነው የሚያየው።

ሜይ 31፣ እሑድ

የቫሌሉንጋ ውድድር። እኔ ሁለተኛ፣ ሎሪስ አምስተኛ። ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ መንገዱን ሁሉ ስለ ሎሪስ ጎማ አወራ። ስለ እኔ "ጥሩ ነድተሻል" ብቻ። ቀናሁ እንዴ? አዎ፣ ቀናሁ።

ሴፕቴምበር 27፣ እሑድ

ሎሪስን በስድስት ነጥብ እየመራሁት ነው! የቀረው ሞንዛ ብቻ።

ኦክቶበር 22፣ ሐሙስ

ሞንዛ። ከጭነት መኪናው ጀርባ ቆመን አራታችንም፣ እኔ፣ ሎሪስ፣ ካርላና አባዬ፣ ተስማማን። እዚህ ቀጥታው መንገድ ረጅም ነው። ብቻውን የሚነዳን ነፋሱ ይይዘዋል፣ ከፊቱ ነፋስ የሚሰብርለት ያለው ግን ይፈጥናል። ነገ የመነሻ ቦታ የሚወሰንበት ማጣሪያ ሁለት ጊዜ ነው፤ ጠዋት ለቅዳሜው ውድድር፣ ከሰዓት ለእሑዱ። በጠዋቱ እኔ ለሎሪስ እሰብራለሁ፣ ከሰዓት እሱ ለእኔ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ካርላ ጻፈችው። አባዬም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ኦክቶበር 23፣ ዓርብ



ጠዋት ከፊቱ ሆኜ ነፋሱን ሰበርኩለት። አንደኛ ወጣ። እኔ ዘጠነኛ። "አትናደጂ፣ ከሰዓት ያንቺ ተራ ነው" አለኝ። አልተናደድኩም።

ከሰዓት... የመጨረሻው ዙር። ጎማው ሞቋል፣ ሎሪስ ከፊቴ ነው፣ ርቀቱ ልክ ነው። ቀጥታው ሊጀምር ሲል ወደ ጋራዥ ታጠፈ። ባዶው አስፋልት ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ካርላ በሬዲዮ "የት ሄደ?" አለች። እሷም አላወቀችም።

አሥራ አራተኛ።

ሎሪስ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ነው የሄደው። አባዬ "ሞተሩ ሞቆበት ነው" አለኝ። አመንኩት።

ኦክቶበር 25፣ እሑድ

አለቀ። ከአሥራ አራተኛ ተነስቶ ምን ይደረጋል? ሎሪስ በአሥራ አንድ ነጥብ በለጠኝ። የአካዳሚው ሰውዬ እጁን ሲጨብጠው ቆሜ አየሁ።

ኋላ ሎሪስ ሊያቅፈኝ መጣ። ገፈተርኩት። "ውሻ" አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ኦክቶበር 27፣ ማክሰኞ

የመኪኖቹን መረጃ ልናይ ወርክሾፕ ገባን። ካርላ ምሳ ስትወጣ የሎሪስን የዓርብ ፋይል ከፈትኩ። የሞተሩ ሙቀት ደህና ነው። የሬዲዮውም ድምፅ አለ።

"ወደ ጋራዥ ግባ።" የአባዬ ድምፅ ነው።

"ምን? ኒቬስ ከኋላዬ ናት።"

"አውቃለሁ። ግባ።"

"ቃል ገብቼላታለሁ እኮ።"

"የምመራህ እኔ ነኝ። ግባ።"

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ብዬ... ያ ድምፅ እኮ ነው ካርቲንግ ስጀምር "አይዞሽ፣ አትፍሪ" ሲለኝ የነበረው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። እውነት ነው።

እራት ላይ ጠየቅኩት። አልካደም። ሹካውን አስቀመጠ።

"ሬዲዮው ላይ አባትሽ አይደለሁም" አለ። "ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ አፌን ሲጠብቅ ነበር። ሎሪስ ነፋስ ሰብሮልሽ ብትበልጪው ለልጁ አደላ ሊሉኝ።"

"አድላልኝ አላልኩህም፣ አባዬ። የተስማማነውን ብቻ።"

ሳህኑን ማየት ጀመረ። የፖሌንታ ገንፎው በሁለታችንም ፊት ቀዘቀዘ። ቢጮህብኝ በተሻለ ነበር። ሰው እንዳያማው ሲል ነው እኔን የሸጠኝ... ለማን ስም ብሎ?

ኦክቶበር 30፣ ዓርብ

ለሎሪስ "ይቅርታ" ብዬ ላክሁለት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰድቤው፣ ይቅርታ በስልክ! አፈርኩ።

"አባትሽ ስለሆነ ነው ያልነገርኩሽ" ብሎ መለሰልኝ።

ኖቬምበር 16፣ ሰኞ

ቅዳሜ አሥራ ስምንት ሞላኝ። ለከርሞ ሌላ ቡድን አግኝቻለሁ። ትንሽ ነው፣ መኪናውም አሮጌ። ካርላም አብራኝ ትመጣለች።

ዛሬ የውድድር ፈቃዴን ላሳድስ ሄድኩ። አባዬ ላድርስሽ አለኝ፤ እሺ አልኩ።  በየዓመቱ የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ መስኮት ጋ ስንደርስ መነጽሩን አድርጎ እስኪሪብቶውን አዘጋጅቶ ቆመ።

ሴትዮዋ የልደት ቀኔን አየችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። "አንቺ ብቻ ነሽ የምትፈርሚው" አለች።

እሱ እስኪሪብቶውን ዘረጋልኝ። ከቦርሳዬ የራሴን አወጣሁና ፈረምኩ።