የጩማ ድርሻ

ነሐሴ 27

ዝናብ። ሻንቶ ጭቃ ብቻ ሆናለች። ተማሪ ልመዘግብ ትምህርት ቤት ዋልኩ፤ የመጣው ጥቂት ነው። ስመለስ ጎረቤቴ ቦሼ ጎመን ይዛ ደጄ ላይ ቆማለች። «አንተ ቲቸር፣ ጫማህን እይ እስቲ» ብላ ሳቀችብኝ። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር... አሁን «አንቺ» ብትለኝ ቅር ይለኛል።

ጩማን አነሳች። ልጇ በሞያሌ በኩል ለደቡብ አፍሪካ የወጣው ሚያዝያ ላይ ነው። ከሰኔ ወዲህ አልደወለም። «ኔትወርክ ይሆናል» አልኳት። ምን ልበላት?

ጳጉሜን 2

ኤርሳዶ መጣ። የጎረቤታችን የመብራት ወንድም፣ ከጩማ ጋር የወጣው። ማላዊ ታስሮ ከርሞ በአውሮፕላን ነው የመለሱት። መብራት ጠርታኝ ሄድኩ። ከሰውነት ተራ ወጥቷል። ዳቦ ስትሰጠው ግማሹን ኪሱ ከተተ፤ አይተን እንዳላየን ሆንን።

«ጩማስ?» አልኩት። ምነው ባልጠየቅኩ።

ሸራ የለበሰ ጭነት መኪና ውስጥ ታጭቀው ሲሄዱ አየር አጥሮት ነው። ሹፌሩ ጫካ ውስጥ አራግፏቸው ሄደ። «እኛው ቀበርነው» አለ።

ጳጉሜን 3

የእድራችን ዳኛ አቶ አማረ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። እኔና መብራትም ነበርን። የተወሰነው ይሄ ነው፦ ቦሼ መርዶ የምትረዳው ከጊፋታ በኋላ ነው። ወላይታ ሁሉ ዘመን ሲለውጥ እሷ ለቅሶ ላይ አትዋል። እስከዚያ ኤርሳዶ ከቤት አይወጣም፤ ካየችው ትጠይቀዋለቻ።

«ኤርሳዶስ ምን በወጣው ይታሰራል?» አልኩ።

«ትንሽ ቀን ናት፣ ቲቸር» አለኝ አማረ።

ክፉ ሰው አይደለም። ለሷ አስቦ ነው። ሁላችንም ለሷ አስበን... እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ።

መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። ቦሼ ቤት ገብተን እየሳቅን በላን።

መስከረም 6

የጊፋታውን በሬ የምንገዛው ጎረቤት ሆነን ነው። ዛሬ አማረ ደጅ ተሰብስበን ድርሻ ስንደለድል ቦሼ «የጩማንም ለብቻ ቁጠሩልኝ» አለች። «ከሻኛውም ይቆረጥለት።»

አማረ መሬት መሬት እያየ «እሺ» አላት።

ለሞተ ልጅ ሥጋ መደብን። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይሄ ደግነት ነው ወይስ ጭካኔ? እኔ እንጃ።

መስከረም 8

ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ቄሱ እንግዳ ስለመቀበል፣ የታሰረ ስለመጠየቅ አስተማሩ። አማረ በወንዶች በኩል ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቀነቅኩ። የኛ እስረኛ እኮ ከቦሼ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ነው ያለው!

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ኤርሳዶ ሄድኩ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ክፍሉ ታፍኗል። «እዚያ እስር ቤትም ጠባቂው ድምፃችሁን አታሰሙ ይለን ነበር» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ግን አልከፋኝም፣ ቲቸር።» አንጀቴን በላው። ቢከፋው ይሻለኝ ነበር።

ወጥቼ አማረን «ይብቃ» አልኩት። «አንድ ሳምንት ብቻ ታገሽ» አለ። ምን ዓይነት ክርስቲያን ነን ግን?

መስከረም 15

ጊፋታ። በሬው በጠዋት ታረደ። ቦሼ የጩማን ድርሻ ተቀብላ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለች። ወደ ቤቷ ትሄዳለች ስንል ቀጥ ብላ ወደ መብራት በር። አማረ ከነቢላው ተከተላት፣ እኔም ከኋላ።

«ቦሼ፣ ቆይ...»

«እስከ መቼ ልቆይ?» አለችው።

በሩን ከፈተችው። ኤርሳዶ ብድግ ብሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ወደ እኛ ዞረች። «የመጣ ቀን ድምፁን በመስኮት ሰማሁ። ከልጄ ጋር ወጥቶ፣ ተመልሶ ቤቴን ካልረገጠ... እናት አታውቅም? በዓላችሁ እንዳይበላሽ ብዬ ቻልኩት።»

እኛ ለሷ ስንደብቅ፣ እሷ ለኛ። መግቢያ አጣሁ።

ከዚያ እሱን፦ «ቀበርከው?»

«ቀበርነው፣ እማማ።»

«ፊቱን ወደ ምሥራቅ?»

«ሌሊት ነበር፣ አቅጣጫው ጠፋን። ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቀን ነው ያስተኛነው።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። ሥጋውን እጁ ላይ አደረገችለት። «ያስቆጠርኩት ላንተ ነው። እሱማ ምን ይበላል።» ያኔ ነው ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው። አማረ ቢላውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። እኔ አልችል ብዬ ስንሰቀሰቅ «አንተ አታልቅስ፣ ቲቸር» አለችኝ፣ ራሷ እያነባች።

መስከረም 18

ድንኳን ተተክሏል። አስከሬን ባይኖርም ቄሱ ጸሎት አደረሱለት። ኤርሳዶ ከቦሼ ጎን ነው የተቀመጠው፣ የልጅ ቦታ ላይ። እሷ ናት ጎትታ ያስቀመጠችው።

ከዲምቱ የመጣች ዘመድ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ «ይሄ ነው ጥሎት የመጣው?» አለች። ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ቦሼ የኤርሳዶን እጅ ያዘች።

«እሱ ነው» አለች። «እግዜር ልጄን ቀባሪ ያላሳጣው በሱ ነው።»

አማረ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተነሥቶ መጣ። ኤርሳዶ ፊት ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናህ» አለው። ከዚያ በኋላ የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ሁለቱንም ነው «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ ያለፈው።