ግድግዳዬ ላይ የኖረችው ልጅ

መስከረም 14
ዝናብ። የአሮጌ ዕቃ ሱቄ ጭር ብሏል። ከአሮጌ ሻንጣ የወጡ ፎቶዎችን በለስላሳ ብሩሽ ሳራግፍ ዋልኩ። ሻጋታው እልኸኛ ነው... ሙሽሮች፣ ወታደሮች፣ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን። ማንም አይፈልጋቸውም። እኔ እፈልጋቸዋለሁ።

ከጠረጴዛዬ በላይ ፎቶዋን የሰቀልኳት ልጅ ዛሬም ወደ መስኮት ታያለች። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ሩቅ ጥላ። ማንን ነው የምትጠብቀው? ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሰው ይመስለኛል። አንዳንዴ መርከቡ ራሱ ይታየኛል...

መስከረም 15
እህቴ ደወለች። ከሰው ይልቅ ወረቀት ትወጂያለሽ አለችኝ። እውነቷን ይሆን? ወረቀት አያኮርፍም።

መስከረም 21
መብራት ተበላሽቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራሁ። መሰላል ላይ ሆኖ ሽቦ ሲነካካ ድንገት እጁ ቆመ። ልጅቷን ያያል።

«እህቴ፣ ይህን ፎቶ ከየት አገኘሽው?»

ከተዘጋ ፎቶ ቤት አሮጌ ዕቃ ጋር ጠቅልዬ እንደገዛሁት ነገርኩት።

«እናቴ ናት።»

ቤታቸው ሲቃጠል ፎቶ የሚባል አልተረፈም። እናቱን በወጣትነታቸው አይቷቸው አያውቅም። ታዲያ በምን ለየሃት? አልኩት። አገጯ ላይ ያለውን ስርጉዳት አሳየኝ። ቀጥሎ የራሱን። ቁርጥ እሷን።

እናቱ ደግሞ በሕይወት አሉ።

ፎቶውን ልውሰድላቸው አለኝ። ላስብበት አልኩት። ምን የሚታሰብ ነገር አለ? ከአፌ አመለጠኝ። መሰላሉን ተሸክሞ ሲወጣ ቀና ብሎ አላየኝም።

መስከረም 22
ሱቅ አልከፈትኩም። ልጅቷን አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። የኔ ብያት ነበር... ለካ አግብታ፣ ወልዳ፣ አርጅታለች። እኔ ሳልሰማ።

መስከረም 25
የጀርባዋን ሙጫ በእርጥብ ጥጥ አለሳልሼ አነሳሁ። ጉንጯ ላይ ያለችውን የሻጋታ ነጥብ ትንፋሼን ውጬ አጸዳሁ። ለሠራተኛው ደወልኩ። ፎቶውን ራሴ አመጣዋለሁ አልኩት። ከዚያ ቤቱን ነገረኝ።

መስከረም 26
እማማ፣ የሠራተኛው እናት፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ወፍ የሚያክሉ ሴት። ፎቶውን ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይቺ ቆንጆ የማን ልጅ ናት?»

ልጃቸው ፊቱን አዞረ። ጣታቸው ግን ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ... ጫማው ላይ ቆመ።

«የጎረቤታችን ጫማ» አሉ።

ለፎቶው ተብሎ የተዋሱት ነው። ጠቧቸው ጣታቸውን ያንገበግባቸው ነበር። ፎቶ አንሺው አትነቃነቂ ይላል፤ እሳቸው እንባቸው እንዳይወርድ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ባሕር የለ፣ መርከብ የለ። ጫማ! ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም ስቀው ስቀው አለቀሱ።

ስነሳ እጄን ያዙኝ። «ሳላውቅሽ ስንት ዓመት አብሬሽ ኖርኩ፣ ልጄ?»

ብዙ፣ እማማ... ብዙ አልኳቸው።

ጥቅምት 8
እማማን ልጃቸው ደግፎ ሱቅ አመጣቸው። ሻንጣው ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አገላበጡ። የሚያውቁት ፊት አላገኙም። እነዚህም እኮ ቤት አላቸው፣ ተደብቀው ማን ያግኛቸው? አሉኝ። አነጋገራቸው ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ጥቅምት 11
ዋናዎቹን ከብርሃን ሰውሬ ቅጂዎቻቸውን መስኮቱ ላይ ደረደርኩ። ከውጭ ሲታዩ መንገደኛውን የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው መስታወቱን ተጠጉ። ድሮ ቢሆን መጋረጃውን እስብ ነበር። ሄጄ በሩን ከፈትኩላቸው።

«የሚያውቁት ሰው አዩ?»