ትራስ ሥር ለተተወው ጉርሻ ባለቤት

ጅቡቲ፣ ግንቦት 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ይሄይስ፣ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅታችን የጅቡቲ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲሁም የሾፌሮች የሥልጣኔ አስተማሪ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ክቡር ወገብዎስ? የቢሮዎ ማቀዝቀዣስ እንደ ወትሮው እያጉረመረመ ያገለግልዎታል? እኔ በዚህ ሙቀት ከጎማዬ ጋር አብሬ ከመቅለጤ በቀር ደኅና ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለተውኩት ፊደል ብገድፍ እንደ ልጅዎ ይለፉኝ፤ ቁም ነገር ከገደፍኩ ግን ቶሎ ያርሙኝ፣ ምክንያቱም እርማትዎን የምትጠብቅ ሰው ሀራሙስ ሰፈር ውስጥ በር ተዘግቶባታል።

ጉታ ነኝ፤ በስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጦ ሰው የሚያስቀው፣ «ያ ባለጌ» የሚሉት ሾፌርዎ። ይህን ደብዳቤ ባልባላ ሰፈር ባለው ሻይ ቤታችን ግድግዳና በጓደኞቼ መኪና መስታወት ላይ የምለጥፈው ደፍሬዎት እንዳይመስልዎ። በፖስታ አሽጌ ትራስዎ ሥር ባስቀምጠው ባለቤት የሌለው ወረቀት ሆኖ ይቀርብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

አንደኛ፦ ባለፈው ወር ሰብስበውን በሰው አገር እንዴት መኖር እንዳለብን ስላስተማሩን ከልቤ አመሰግናለሁ። አውሮፓ ደርሰው ያዩትን አልነፈጉንም። ጉርሻ በእጅ መስጠት ኋላ ቀርነት መሆኑን፣ የሠለጠነ ሰው ካደረበት ክፍል ሲወጣ ገንዘቡን ትራስ ሥር ትቶ ኮሽ ሳይል እንደሚሄድ ነገሩን። ጓደኛዬ ሾፌሩ አዳነ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ እኛ የምናድረው ጋቢና ውስጥ ነው፤ ለማን እንተውለት?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ እኔም «ለራስህ ትተህ ጠዋት ራስህን አመስግን!» ስለው፣ ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ እርስዎ ብቻ አልሳቁም። «እናንተ መቼም ሰው አትሆኑም» አሉን።

እኛ ሰው የማንሆነው በዚህ ከተማ ጉርሻ የምንሰጠው እንዲህ ነው፤ ለጥበቃውም ሆነ ወደብ ላይ ፎርክሊፍት ለሚነዳው፣ ሰው እያየ፣ «እንካ ለሻይ!» ብለን ጮኸን። ጩኸቱ ጉራ ይመስልዎት ይሆናል። ለተቀባዩ ነው። ነገ አንዱ መጥቶ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ቢለው፣ አካባቢው በሙሉ ምስክሩ ነው።

ሁለተኛ፦ የሆቴልዎ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ሀራሙስ ባለው የደንበኛችን ቪላ፣ ግቢው ዳር ባለው የእንግዳ ክፍል ሰንብተው ስለነበር እንኳን ደስ ያለዎ። አንሶላዎን ትቀይር የነበረችው ሠራተኛ ሀዊ ትባላለች፤ ታላቅ እህቴ ናት። ይህን አያውቁም ነበር፤ ሾፌር እህት ይኖረዋል ብሎ ማን ያስባል?

የዚያ ቤት ደንብ ቀላል ነው። እንግዳ ሲሰናበት ለሠራተኛ የሚሰጠውን በር ላይ፣ የቤቱ እመቤት ማዳም ሳፊያ እያዩ ይሰጣል። ክፍል ውስጥ የተገኘ ነገር ግን፣ ቁልፍም ይሁን ሳንቲም፣ ለማዳም ይቀርባል። እርስዎ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ እጅዎን ኪስዎ ከተው ሹልክ አሉ። አባወራውም በዚያው ቀን ወደ ዱባይ በረሩ። ሀዊ ትራሱን ስታነሣ ገንዘቡን አገኘችው። ዝም ብላ ጡቷ ሥር ብትወሽቀው ኖሮ ዛሬ እርስዎም እኔም ሰላም እንውል ነበር። እሷ ግን ደንቡን አክብራ፣ በሁለት እጇ ይዛ ለማዳም ወሰደችላቸው። ወንጀሏ ይኸው ነው፤ ሌላ ቢፈልጉ አያገኙም።

ሦስተኛ፦ ማዳም በደግነት ነበር የደወሉልዎ፤ እንግዳዬ ገንዘቡን ረስቶ ይሆናል ብለው። ያን ጊዜ እኔ ወረቀቴን ሊፈርሙልኝ ጠረጴዛዎ ፊት ቆሜያለሁ፤ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁዎት የመጡት ባለቤትዎ ወይዘሮ የውብዳር ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። የእኔ ፈረንሳይኛ ከ«ኖን» አያልፍም፤ ደግነቱ እርስዎም ከእሱ ያለፈ አልተናገሩም። «ኖን፣ ማዳም። ኖን፣ ኖን» ሲሉ ዐይንዎ ከወይዘሮ የውብዳር አልተነቀለም። ስልኩን እንደዘጉ ባለቤትዎ «ማን ናት?» አሉዎት። «ኧረ ስለ ዕቃ ነው፣ አንቺ ደግሞ!» አሉ። እኔ ሞኙም እውነት ስለ ዕቃ መስሎኝ ወረቀቴን አስፈርሜ፣ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ለካስ ዕቃዋ እህቴ ኖራለች።

ፍርሃትዎ ይገባኛል። ትራስ፣ ሠራተኛና ገንዘብ የሚሉትን ቃላት ሚስት ፊት በአንድ ትንፋሽ መናገር ይከብዳል፤ ለማስረዳት የአውሮፓ ጉዞዎን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምረው መተረክ ሊኖርብዎ ነው። «ኖን» አጭር ናት።

አራተኛው ቀልድ የለበትም፤ ልቀልድበት ሞክሬ እምቢ አለኝ።

እርስዎ የእኔ አይደለም ካሉበት ሰዓት ጀምሮ ያ ገንዘብ የማንም አይደለም። ሀዊ «እንግዳው ትቶት ነው» ብትል፣ እንግዳው አልተውኩም ብሏል፤ ስለዚህ ውሸታም ሆነች። ከእንግዳው ሌላ ያን ክፍል የሚረግጡት አባወራው ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ለማዳም ሁለት ሐሳብ ቀረላቸው። ወይ ልጅቷ ሰርቃ ሲጨንቃት አውጥታዋለች፣ ወይ ደግሞ ባላቸው ለሆነ ነገር ከፍለዋታል። የመጀመሪያው ፖሊስ ጣቢያ ያደርሳታል። ሁለተኛው የት እንደሚያደርሳት አልጽፍም፣ ይህን ደብዳቤ አንብቡልኝ የምትል እናት አለችን።

ስልኳን ተቀምታለች። ፓስፖርቷ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ የማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የቪላው ዘበኛ ኑረዲን በበሩ ቀዳዳ እንደነገረኝ፣ ማዳም በየሰዓቱ ወደዚያ ክፍል ይዘዋት እየገቡ «የት እንዳገኘሽው አሳዪኝ» ይሏታል፤ እሷም ያንኑ ትራስ ታነሣለች። ከዚያ ልብስ የሚያጥቡባት ክፍል ውስጥ ይቆለፍባታል። ፍርዱ አባወራው ሐሙስ ከዱባይ ሲመለሱ ነው ተብሏል። የዚያች ክፍል መስኮት ወደ ባሕሩ ነው፤ ከመንገድ ብጮህም አትሰማኝም።

ሄጄ ነበር። ማዳም ክፉ ሴት አይደሉም፤ በሩ ድረስ ወጥተው ሰሙኝ። «ወንድሟ አይደለህ? ሌላ ምን ልትል ኖሯል? እንግዳው ራሱ ይምጣና ይንገረኝ» አሉኝ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የምለው እሱኑ ነው። ከዚያ ወደ እርስዎ ቢሮ መጣሁ። ጸሐፊዎ የሉም አለችኝ፤ በበሩ ሥር ግን ጫማዎን አየሁት። ሲያምር! ጫማዎ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

አሁን የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም። ሀራሙስ ሄደው፣ የማዳምን በር አንኳኩተው፣ «የእኔ ነው፤ ለልጅቷ ለድካሟ ብዬ ነው የተውኩት» እንዲሉ ብቻ ነው። በፈረንሳይኛም ሆነ በአማርኛ ይበሉት፤ በምልክትም ቢሆን ይገባቸዋል። ፊትዎ በኀፍረት ቀልቶ ቢመለሱ፣ ኀፍረቱ በሁለተኛው ቀን ይለቃል። የሀዊ ግን አይለቅም፤ የጋላፊን ድንበር ተሻግራ አገሯ ብትገባም ተከትሏት ይገባል።

እንዳይቸገሩ ብዬ ደግሞ አንድ ነገር አዘጋጅቻለሁ። ወይዘሮ የውብዳር ማንበብ ይወዳሉ አሉ፤ ሻይ ቤቱ ለእሳቸው ስለማይመች ይህንኑ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬላቸዋለሁ። ነገ ጠዋት ገበያ ሲወጡ አዳነ ካርቲየ 3 ሰፈር ላይ አክብሮ ያቀርብላቸዋል። ከእርስዎ አፍ ቀድመው ቢሰሙት ግን ለሁላችንም ይሻላል። ማስፈራሪያ አይደለም። ማስፈራሪያ ምን እንደሚመስል እህቴ ታውቃለች፤ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ።

ከሥራ እንደሚያሰናብቱኝ ስለማውቅ የመኪናውን ቁልፍ ለጸሐፊዎ አስረክቤያለሁ። የነዳጅ ታንኩ ሙሉ ነው፤ ፍሬኑ ግን ትንሽ ያስለምናል፣ ደጋግሞ መርገጥ ይፈልጋል፣ ለሚተካኝ ይንገሩት።

ዕድሜና ጤና፣ ሹመትና ግርማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከወንበር የሚያስነሣ ጉልበት እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ትምህርትዎን የማልረሳ፣ ሰው ያልሆንኩት ታዛዥዎ፤

ጉታ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ያልኩት ስሕተት ነው። ሙጫ እየፈለግሁ ሳለ ኑረዲን ደወለልኝ። አባወራው ቀድመው ዛሬ ገብተዋል፤ ማዳም ሀዊን ጫማሽን አድርጊ ብለዋታል፣ መኪናውም ተነሥቷል፤ ወዴት እንደሚወስዷት አልሰማም። እርስዎ እዚህ መስመር ድረስ ካነበቡ፣ አሁንም ተቀምጠዋል ማለት ነው።